ጦሳ ላይ ያየሁት ሽማግሌ ፊት ይቀርባል?

ጥያቄ (ከደሴ)

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። አባቴ ባለፈው ጥር ካረፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማለዳ ማለዳ ከከተማው በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ አቀበት መውጣት ጀመርኩ። በግንቦት ወር አንድ እሑድ፣ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ሳለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ጉሙ በአንድ አፍታ ተገለጠና ከታች ደሴ በሙሉ በብርሃን ውስጥ ታየችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል ለመግለጽ እቸገራለሁ። "እኔ" የምለው ነገር ጠፋ፤ ተራራው፣ ከተማው፣ የሞተው አባቴ፣ ከሩቅ ይሰማ የነበረው የባጃጅ ድምፅ ሁሉ አንድ ሆኑ፤ የጠፋ ምንም ነገር እንደሌለ ዐወቅሁ። መሰለኝ አላልኩም፤ ዐወቅሁ ነው የምለው። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሩብ ሰዓት ውስጥ፣ በዚያው ብርሃንና በዚያው እርግጠኝነት፣ ለወራት ስንፈልገው የከረምነው የአባቴ የኮምቦልቻ ቤት ካርታ በታናሽ አጎቴ እጅ እንዳለና እያወቀ እንደደበቀው ዐወቅሁ። በውርሱ ጉዳይ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመናገር ተራው የእኔ ነው። አባቴ በአባቱ ከሙስሊም፣ በእናቱ ከክርስቲያን የተወለደ የወሎ ሰው ነበር። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ለምትሳለመው አክስቴ ነገሩን በከፊል ብነግራት "እመቤታችን ናት የገለጠችልሽ" አለችኝ፤ ከጀማ ንጉሥ መውሊድ የማትቀረዋ ሁለተኛዋ አክስቴ ደግሞ "አውልያዎቹ ናቸው፤ ዝም እንዳትዪ" አለችኝ። እኔ ቀን ቀን ኮንትሮሉ ያልሠራ ውጤት አልፈርምም የምል ሰው ነኝ፤ አንዳንዴም አእምሮዬ እየተነካ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ተሞክሮ የእውነት ምንጭ ሊሆን ይችላል? የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሁለተኛው እንዴት ሐሰት ይሆናል? አንዱን ተቀብዬ ሌላውን ብጥል ብርሃኑን ራሱን መካድ አይሆንብኝም?

መልስ

መጽናናቱን ይስጥዎ። ከጥያቄዎችዎ መካከል ቀጠሮ ያለበት አንዱ ብቻ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ጦሳ ላይ ያዩትን ሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ማስረጃ አያቅርቡ። ይህን የምለው ያዩት ሐሰት ነው ብዬ ደምድሜ አይደለም፤ ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዚያ መንገድ የመጣ ዕውቀት ሌላውን ሰው ለመክሰስ የሚበቃ ጉልበት ስለሌለው ነው።

አገራችን ይህን በተግባር ሞክራዋለች። ሌባ ሻይ ይባል የነበረውን ልማድ ከታላላቆችዎ ሰምተው ይሆናል ("ሻይ" የሚለው ቃል "መሻት" ከሚለው የመጣ ነው እንጂ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ዝምድና የለውም)። ንብረት የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት፣ ለዚሁ ሥራ የተያዘ ልጅ የተዘጋጀለትን መድኃኒት ጠጥቶና ጭስ ስቦ ራሱን ሲስት፣ ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ እየተያዘ በየመንደሩ ይዞር ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ልጁ አስመሳይ ነበር ማለት አያስፈልገንም፤ ከልቡ ያየው ነገር ኖሮ ይሆናል። ጉድለቱ የልጁ ቅንነት ላይ ሳይሆን፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌባ የተባለው ሰው የሚሟገትበት ቀዳዳ አለመኖሩ ላይ ነበር። የዓይን ምስክር ቢሆን "የት ቆመህ አየህ? ጨረቃ ነበረች ወይ? ምን ያህል ትርቅ ነበር?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ራሱን የሳተውን ልጅ ግን ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? አጎትዎም በእርስዎ ብርሃን ፊት የሚቆሙት እንደዚያ ባለቤት ሆነው ነው። "አላየሽም" ሊሉዎ አይችሉም፤ ማየትዎን እርስዎ ብቻ ያውቁታልና። "ያየሽው ልክ አይደለም" ብለው የሚያስረዱበትም መንገድ የላቸውም። ምስክርነትዎ የማይረታ የሚመስለው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን የሚያዝበት እጀታ ስለሌለው ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ የደብዳቤዎ አንኳር "በዚያው ብርሃንና በዚያው እርግጠኝነት" የሚለው ሐረግ ይመስለኛል። በሙያዎ ቋንቋ ልሞክረው፤ ብሳሳት ያርሙኛል። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ላይ አንዱ መስመር የኮንትሮል ነው፤ ካልወጣ ውጤቱ ይጣላል፤ ከወጣ ደግሞ ኪቱ እንደሚገባው ሠርቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያ መስመር ወባ ባለበት ሰው ደምም ሆነ በሌለበት ሰው ደም እኩል ደምቆ ይወጣል፤ በሽታው መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ከጎኑ ያለው ሌላው መስመር ነው። እርግጠኝነት በእኔ ግምት ከኮንትሮሉ መስመር ጋር ይመሳሰላል። በውስጥዎ አንድ ትልቅ ነገር በእርግጥ እንደተከናወነ ይናገራል፤ የተከናወነው ነገር ስለ ዓለሙ፣ ስለ ካርታው ወይም ስለ አጎትዎ ልብ እውነቱን ይናገር አይናገር ግን እርሱን በማየት ብቻ አይለይም። ይህ በምሥጢራዊ ተሞክሮ (የእርስዎን በመሰለው፣ "እኔ" ጠፍቶ ሁሉ አንድ በሚሆንበት ተመስጦ) ላይ ብቻ የሚደርስ ችግር አይደለም፤ እኔ ራሴ ቁልፌን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥኩ ምዬ ከኪሴ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው፤ በማልኩበት ሰዓት የነበረኝ እርግጠኝነት ቁልፉ በትክክል ጠረጴዛው ላይ ከነበረባቸው ቀናት በምንም አያንስም ነበር።

ይህን ልዩነት አጥርተው ካዩት መካከል የዚያው የተመስጦ መንገድ ባለቤት የሆነው ኢማም አል-ገዛሊ ይገኝበታል። አል-ገዛሊ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ የታወቀ መምህር ሳለ በብርቱ ጥርጣሬ ውስጥ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1095 ሹመቱን ትቶ በሱፊዎች መንገድ ወጣ። የሱፊዎች ዕውቀት በትምህርት ብቻ ሳይሆን በ"ዘውቅ"፣ ማለትም በመቅመስ፣ እንደሚገኝ ሲያስረዳ፣ የጤንነትን ትርጉምና ምክንያት ማወቅና ጤነኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይናገራል፤ የታመመ ሐኪም ስለ ጤንነት ያውቃል፣ ጤንነቱ ግን የለውም። በዚህ መለኪያ ጦሳ ላይ ያገኙት እውነተኛ ዕውቀት ነው። "እኔ" የሚለው አጥር ሲወድቅ ምን እንደሚመስል እኔ ከመጻሕፍት አውቃለሁ፤ እርስዎ ቀምሰውታል፤ ይህን የሚወስድብዎ ተከራካሪ የለም። (እኔም ጦሳን ከአንድ ጊዜ በላይ ወጥቼዋለሁ፤ ይዤ የወረድኩት ግን ጉንፋን ብቻ ነው።)

ያው አል-ገዛሊ ሌላም ነገር ብሏል፤ ስለ ዘውቅ የሚጠቅሱት ሰዎች ግን ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አንድ ሰው መጥቶ ሦስት ከዐሥር ይበልጣል ቢለኝ፣ ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ በትሩን እባብ አደርጋለሁ ብሎ በዓይኔ እያየሁ ቢያደርገው፣ እንዴት እንዳደረገው እደነቃለሁ እንጂ የማውቀውን አልጠራጠርም ይላል። የበትሩ እባብ መሆን ድንቅ ነው፤ ስለ ሦስትና ዐሥር ግን የሚናገረው ነገር የለም። የጦሳው ብርሃንም ድንቅ ነበር፤ ከካርታው ጋር የሚያገናኘው ክር የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ያለን መልስ ሁለቱ በአንድ ሰዓት መጡ የሚለው ብቻ ነው።

በአንድ ሰዓት መምጣት ምን ያህል እንደሚያሳስት የከተማችሁ ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 ወሎ ሳሉ ጅራታም ኮከብ በሰማይ አይተው፣ ምልክት ነው ብለው ተደስተው ቦታውን "ደሴ" አሉት ተብሎ ይነገራል። ኮከቡ በእርግጥ ነበረ፤ በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ከፀሐይ አጠገብ በጠራራ ቀን ሳይቀር የታየ፣ ለፀሐይ እጅግ ቀርቦ ካለፈ በኋላ እምብርቱ የተሰነጣጠቀ፣ የከዋክብት ተመራማሪዎችም ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ላይ ሆነው ፎቶግራፍ ያነሡት ታላቅ ጅራታም ኮከብ ነው። እንደ ትረካው ከሄድን ንጉሠ ነገሥቱ ያዩት እውነት ነው፤ "ይህ ለእኔ የተላከ ምልክት ነው" የሚለው የእርሳቸው ንባብ ነው፤ "ስለዚህ እዚህ ከተማ ይቆርቆር" የሚለው ደግሞ ውሳኔ ነው። ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ስለመጡ አንድ ነገር አይሆኑም። ውሳኔው ያማረ ሆነ፤ እርስዎም ዛሬ በዚያች ከተማ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ያው ኮከብ በዚያው ሰሞን ምንም ከተማ ላልቆረቆረ ሰው ሁሉ እኩል ታይቷል። በእርስዎም ጉዳይ መለየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሆነው ነገር አለ፣ የተነበበው አለ፣ ሊያደርጉት ያሰቡት አለ።

አክስቶችዎ የሰጡዎት ንባብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ነውና። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። አንዷ እመቤታችንን፣ ሌላዋ አውልያዎቹን ሰየመች፤ ሁለቱም ከልባቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት። በምሁራን ዘንድ ፈላስፋው ዋልተር ስቴስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራው፣ የየሃይማኖቱ ምሥጢራውያን የሚቀምሱት ነገር በመሠረቱ አንድ ሆኖ ልዩነቱ የሚመጣው ከትርጓሜው ነው ሲል ተከራከረ። ስቲቨን ካትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ያለ አስተዳደግና ያለ ቋንቋ የሚመጣ ጥሬ ተሞክሮ የለም፤ አስቀድሞ የተማርነው ነገር የሚቀርጸው ትርጓሜውን ብቻ ሳይሆን ተሞክሮውን ራሱን ነው ሲል መለሰ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ወደ ስቴስ አደላለሁ፤ ብርሃኑ ሲመጣ ስም አልነበረውምና፣ ስም ያወጡለት አክስቶችዎ ናቸው። ነገር ግን "አንድ ሆኑ" እና "የጠፋ ምንም የለም" የሚሉት ቃላት፣ አባቱን በቀበረ ሰው አፍ ላይ ሲገኙ፣ ከሐዘኑ ጋር ምንም ንክኪ የላቸውም ለማለት ይከብደኛል። ካትዝ ቢሆን ይህን ሳያነሣ አያልፍም ነበር። አእምሮዎን ስለ መጠራጠርዎ ግን በአጭሩ ልበል፤ ዌልስ ውስጥ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ የአንድ ሐኪም ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የሟቹ መኖር በሆነ መንገድ እንደተሰማቸው አግኝቷል፤ አጥኚውም ይህን እንደ በሽታ አልቆጠረውም።

"አንዱን ተቀብዬ ሌላውን ብጥል ብርሃኑን መካድ ነው" የሚለው ጭንቀትዎ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ፣ ቀመሮቹን የምትሰጠው የቤተሰቡ አምላክ ናማጊሪ እንደሆነች ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ለካምብሪጁ ሊቅ ለሃርዲ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ሃርዲን ያስደነገጡ፣ ማንም አይቷቸው የማያውቅ እውነቶች ነበሩበት። ከዚያው ምንጭ የወጡት ስለ ዋና ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ሥርጭት የሰጣቸው አንዳንድ ድምዳሜዎች ግን ስሕተት ሆነው ተገኙ። ያው ሰው፣ ያው ምንጭ፣ ያው እርግጠኝነት፤ ትክክለኛውን ከስሕተቱ የለየው ቀመሮቹ ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ሳይሆን በወረቀት ላይ የተሠራው ማረጋገጫ ነው። ሃርዲ ናማጊሪን መቀበልም መካድም አላስፈለገውም፤ ራማኑጃንም የተሳሳተው ቀመር ስለተጣለበት አምላኩን አልካደም። ምሥጢራዊ ተሞክሮ የእውነት ምንጭ ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ እንደ ምንጭ ይችላል፣ ውሃው ከየትም ሊፈልቅ ይችላልና፤ እንደ ዳኛ ግን አይችልም፤ ከአንድ ምንጭ ጥሩውም ድፍርሱም እንደሚወጣ አይተናል።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ በምሥጢራውያኑ ላይ ለመፍረድ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው ከማንም ይልቅ ጥብቅ ናቸው። የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና የሕግ ትምህርት ወገን) ሊቅ ኢማም ነወዊ የጻፉትን ሁለተኛዋ አክስትዎ ሰምተውት ይሆናል። ከረመዳን በፊት ባለው በሸዕባን ወር፣ በ30ኛው ሌሊት ጨረቃ ሳትታይ ቀርታ፣ አንድ ሰው ነቢዩን በሕልሙ አይቶ "ዛሬ የረመዳን የመጀመሪያ ሌሊት ነው" ቢሉት፣ በዚያ ሕልም ጾም አይጀመርም፤ ለሌላውም ለራሱም። ነቢዩን በሕልም ማየት እውነት መሆኑን የሚያምኑ ሊቅ ናቸው ይህን የሚሉት፤ የጨረቃዋ ጉዳይ ግን ምስክር ያስፈልገዋል። በገዳማውያንም ዘንድ ብርሃን ያየ መነኩሴ ያየውን ለመምህሩ እንዲገልጥ ይመከራል፤ ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንዲመስል ሐዋርያው ጳውሎስ ጽፏልና፣ ራእይን ከምትሐት መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ አክስትዎ ከሚያምኗቸው አባቶች ዘንድ ሄደው "ያየሁትን ሁሉ ልመነው?" ብለው ቢጠይቁ "ሁሉንም እመኚ" የሚል መልስ ያገኛሉ ብዬ አልጠብቅም።

የቀረን ያ የመጀመሪያው ነው፤ ሁሉ አንድ ነው፣ የጠፋ የለም የሚለው። ይህ ከካርታው የሚለየው የሚመረመርበት ሁለተኛ መስመር ኪቱ ላይ አለመኖሩ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ በኤድንበርግ በሰጣቸው ትምህርቶችና እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ለእንዲህ ያለ ተሞክሮ አራት መለያዎችን አስቀምጧል፤ በቃል አለመገለጹን፣ ዕውቀት ሆኖ መሰማቱን፣ ቶሎ ማለፉንና ባለቤቱ አድራጊ ሳይሆን ተቀባይ መሆኑን። ደብዳቤዎ አራቱንም ያሟላል። ድምዳሜው ሦስት ነበር፤ ተሞክሮው ለባለቤቱ ሥልጣን አለው፤ ያልቀመሰውን ሰው ግን እንዲቀበል አያስገድደውም፤ ቢሆንም ሰው በተራው ንቃተ ሕሊናው የሚያውቀው ብቻ ነው እውነት የሚለውን ትምክሕት ይሰብራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ከጄምስ ጋር እስማማለሁ፤ በመጀመሪያው ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥልጣኑ ለባለቤቱም ቢሆን ገደብ የሌለው ከሆነ እርስዎ በአጎትዎ ላይ ያወቁትንም ያለ ጥያቄ እንዲይዙት ይፈቅድልዎታል፤ ይህ ደግሞ ትክክል አይደለም። የሚሻለው የፈላስፋው ሪቻርድ ስዊንበርን አነጋገር ይመስለኛል፤ አንድ ነገር እንዲህ ሆኖ ከታየን፣ ለመጠራጠር የተለየ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ፣ እንደታየን ነው ብሎ መያዝ ምክንያታዊ ነው። ያለዚህ መርሕ ዓይናችንንም ማመን አንችልም። ስለዚህ "የጠፋ የለም" የሚለውን ይዘው መኖር ይችላሉ፤ ሞኝነት አይደለም። ምክንያት ሲመጣ የሚከፈት በር ግን ይተዉለት።

ለካርታው የመጠራጠር የተለየ ምክንያት አለ፤ ውርስ ላይ ክርክር አለ፣ ሐዘን አለ፣ ተጠርጣሪው አስቀድሞ በቤተሰብ ወሬ ውስጥ የነበረ ሰው መሆኑን እገምታለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቡ። እርስዎ ስለ አጎትዎ በእርግጥ የሚያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን ከጦሳ ሳይሆን ከለቅሶው ድንኳን የመጣ ሊሆን ይችላል። ካርታው ሲነሣ ዓይናቸውን መለስ አድርገው ይሆናል፤ ቁም ሣጥኑን ማን እንደከፈተ ሲጠየቅ ወሬ ቀይረው ይሆናል። ቀን ቀን ያልቆጠርነውን ነገር አእምሮ ቆጥሮ በጸጥታ ሰዓት ያቀርበዋል። እንዲህ ከሆነ ለሽማግሌዎቹ የሚነገረው ብርሃኑ ሳይሆን ያዩት ዓይንና የሰሙት ቃል ነው፤ እርሱ መስቀለኛ ጥያቄ ይችላል። ተቀምጠው ያስቡበትና የሚያስታውሱት ነገር ካለ ጽፈው ይያዙት፤ ከሌለ ደግሞ የሌለ መሆኑን ለራስዎ ይመኑ። ካርታው ራሱ ቢጠፋም የይዞታው ማኅደር ኮምቦልቻ በሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ስለሚገኝ ወራሾቹ ተስማምተው ምትክ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለዚህ የማንንም ስም ማንሣት አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

የጤና ትምህርት ተማሪ ነኝ። አያቴ ወዳጃ (ተሰባስበው ጫት እየቃሙ የሚጸልዩበት ሥርዓት) ላይ ሌሊቱን ሲያነጉ "ታየኝ" የሚሉት ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ የጠፋች ላማችን ያለችበትን አቅጣጫ ተናግረው ተገኝታለች ይባላል። እኔ ደግሞ ጫቱ፣ ዕጣኑና እንቅልፍ ማጣቱ ተደምረው አንጎል ውስጥ የሚፈጥሩት ነገር ነው እላለሁ። አንጎል ውስጥ የሚሆን ነገር ነው ካልን ጉዳዩ አላለቀም ወይ?

መልስ

አላለቀም። ከቤትዎ ወጥተው የቦርከናን ወንዝ ሲያዩም የሚያዩት በአንጎልዎ ነው፤ ወንዙ ግን በዚህ ምክንያት ሐሰት አይሆንም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጥቂት በልቶ ሰማይ የተከፈተለትን ሰው ብዙ ጠጥቶ እባብ ከታየው ሰው በሳይንስ ዓይን መለየት አይቻልም ብሎ ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ሲ. ዲ. ብሮድ ደግሞ ከተለመደው ዓለም ባሻገር የሚታይ ነገር ካለ፣ የሚታይበት ቀዳዳ የሚኖረው ምናልባት ትንሽ የተሰነጠቀ አእምሮ ብቻ ሊሆን ይችላል ሲል መለሰለት። ብሮድ ቀልዷል፤ ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው፤ የመሣሪያው ሁኔታ መለወጥ ብቻውን ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም።

ምክንያቱን ማወቅ ማስረጃውን የሚያዳክመው ነገሩ በሌለበትም ያው ተሞክሮ እንደሚመጣ ሲታወቅ ነው። ዱካክን ይውሰዱ። ሰው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻው ይዝላል፤ ሰውነቱ ሳይላቀቅ አእምሮው ሲነቃ ደረቱ ላይ የተቀመጠ አካል ይሰማዋል፣ ክፍሉ ውስጥም የቆመ ሰው አለ ብሎ ይምላል። ክፍሉ ውስጥ ማንም እንደሌለ አጠገቡ የተኛው ወንድሙ ስለሚያውቅ፣ ከዚያ ወዲያ ዱካክን እንደ ጎብኚ አንቆጥረውም። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ከ36 ፈቃደኞች መካከል ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት፣ ሲሎሳይቢን የተባለውን ከእንጉዳይ የሚገኝ ንጥረ ነገር ወስደው ያገኙትን ተሞክሮ ከሕይወታቸው አምስት ትርጉም ያላቸው ገጠመኞች መካከል ቆጥረውታል። ይህ ጥናት ተመስጦ በመድኃኒት ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል፤ የታያቸው ነገር መኖር አለመኖሩን ግን አልመረመረም፤ እንዲመረምርም አልታሰበም።

አያትዎ ወዳጃው ላይ የሚያገኙት ሰላም ጫቱ ያመጣው ቢሆን እንኳ ሰላሙ የለም ማለት ስላልሆነ፣ በዚያ በኩል እርሳቸውን የሚያርሙበት ነገር አይታየኝም። የላሟ ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ የሚቆጠር ነገር ነውና። አያትዎ በሚቀጥለው ጊዜ "ታየኝ" ሲሉ ቃላቸውን በዚያው ሌሊት፣ ፍለጋው ሳይጀመር፣ በደብተር ይጻፉ፤ የተገኘውንም ያልተገኘውንም በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ስለ አንዷ ላም ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለተገኘች ነው፤ አቅጣጫ ተነግሮባቸው ያልተገኙት ስንት እንደነበሩ አያትዎን ራሳቸውን ይጠይቋቸው፤ የወዳጃ ሰው ቅን ስለሆነ ይነግሩዎታል ብዬ እገምታለሁ።